መልስ፦ እንግሊዞች «ገለልተኛ» ከነበሩ፣ የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ (የኋላው አፄ ዮሐንስ) የዙፋን ተቀናቃኙን ዋግሹም ጎበዜን እንዴት አሸነፈ?

በቃል ገለልተኛ ነበሩ፤ በመድፍ ግን አልነበሩም። ጥያቄህ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ሲመጣ በአገሩ ሥልጣን ጉዳይ አልገባም ብሎ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ማንንም ሳያነግሥ ወጣ። ሲወጣ ግን መንገድ ለከፈተለትና ስንቅ ላቀረበለት ለትግራዩ ካሳ 12 መድፍና 850 ያህል ጠመንጃ ከነጥይቱ ሰጠው። የዋግ ገዥ የነበረው ዋግሹም ጎበዜም ቢሆን የእንግሊዝን ሠራዊት አላደናቀፈም፤ እንዲህ ያለ ስጦታ ግን አልደረሰውም። ከናፒየር ጋር የመጣው እንግሊዛዊ ኪርካም ደግሞ ቀርቶ የካሳን ወታደሮች አሠለጠነ።

በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሳም ላይ ሲገጥሙ፣ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባለው ጎበዜ በሰው ብዛት እጅግ ይበልጥ ነበር። በካሳ መድፍና ጠመንጃ ግን ተሸንፎ ተማረከ። ካሳም አፄ ዮሐንስ ተባለ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ የዘመን አቆጣጠሩን አታደባልቅ። እዚህ ጎንደር እንግዶች ሳስጎበኝ የአሳምን ጦርነት 1871 ብዬ «እ.ኤ.አ.» ማለቱን ረስቼ፣ አንድ ሽማግሌ በሰው ፊት አርመውኛል። አሁንም ሲያገኙኝ «ስምንት ዓመቱን መለስከው?» ይሉኛል።