ክርስቶስ ዕዳዬን ከፍሎልኝ ሳለ የሸሪኬን ገንዘብ ለምን እመልሳለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉልኝ? ከዓመታት በፊት ከአንድ ወዳጄ ጋር በሽርክና እንነግድ ነበር። ሒሳቡን የምይዘው እኔ ስለነበርኩ ስንለያይ ከትርፉ የተወሰነውን ደብቄ አስቀረሁበት። እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ባገኘኝ ቁጥር አቅፎ ይስመኛል። ንስሐ ገብቻለሁ፣ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ፣ እቆርባለሁ፣ ለነዳያንም ከዚያ ገንዘብ የሚበልጥ ሰጥቻለሁ። ምስጢሬን ያካፈልኩት ሰው ግን «ገንዘቡን ሳትመልስ ምን ንስሐ ነው?» አለኝ። ክርስቶስ ዕዳዬን በደሙ ከከፈለልኝ፣ እንደገና መክፈሌ ደሙ አልበቃም ማለት አይሆንብኝም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጌታን ደም አሳንሼ እንዳልገኝ ብለህ መፍራትህ መልካም ነው። የፈራኸው ግን መፍራት ባለብህ ቦታ አይደለም። ሳላድበሰብስ ልንገርህ፤ ገንዘቡን መመለስ አለብህ።

ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ብዙ ጊዜ ደርሶኛል። አንዱ የእኅቱን የውርስ ድርሻ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የሠራተኛውን ደመወዝ አስቀርቶ፣ ሌላዋ የጎረቤቷን ስም አጥፍታ። ሁሉም «ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ፤ እርሱ ይቅር ብሎኛል» ይላሉ። ጌታ በመስቀል ላይ የከፈለልን እኛ በምንም ልንከፍለው የማንችለውን ነው። ሞትን በራሳችን ማሸነፍ፣ ወደ አባታችን ቤት በራሳችን መመለስ አንችልም ነበር። የሸሪክህን ገንዘብ መመለስ ግን ትችላለህ። ደሙ የፈሰሰው አንተን ከኃጢአት ባርነት ሊያወጣህ ነው እንጂ የወሰድከውን የአንተ ሊያደርግልህ አይደለም።

ቅዱስ ጴጥሮስ በክቡር የክርስቶስ ደም የተዋጀነው ከምን እንደሆነ ሲናገር «ከአባቶቻችሁ ከወረሳችሁት ከከንቱ ኑሮአችሁ» ይላል (1ኛ ጴጥ. 1፥18)። የተዋጀነው ከቅጣት ብቻ ሳይሆን ከኑሮም ነው። ከዚያ ኑሮ ወጥቻለሁ የሚል ሰው የዚያን ኑሮ ገንዘብ ይዞ እንዴት ይቀመጣል?

ጌታን ለማየት ዛፍ ላይ የወጣውን ቀራጩን (ግብር ሰብሳቢውን) ዘኬዎስን ተመልከት (ሉቃ. 19)። ጌታ ወደ ቤቱ የገባው ዘኬዎስ ሒሳቡን ካወራረደ በኋላ አልነበረም። «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና» ያለው ገና ዛፉ ላይ ሳለ፣ የቀማውም ገንዘብ ገና እጁ ላይ ሳለ ነው። ስለዚህ መመለስ የመዳን ዋጋ አይደለም፤ ማንም ጌታን በገንዘብ ወደ ቤቱ አላስገባውም። ጌታ ከገባ በኋላ ግን የሰው ገንዘብ በዚያ ቤት ማደር አልቻለም። ማንም ሳይጠይቀው ዘኬዎስ ቆመና «ካለኝ ሁሉ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ፤ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» አለ። በኦሪት በደሉን በራሱ ፈቃድ የተናዘዘ ሰው የሚጠየቀው ሙሉውን መልሶ አምስተኛ እጅ መጨመር ነበር (ዘኁ. 5፥7)። አራት እጥፍ በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሌባ የሚከፍለው ነው። ዘኬዎስ ከሁለቱ የከበደውን በራሱ ላይ ፈረደ፤ ያን ያህል ደስ ብሎት ነበር።

ደግሞም ለድሆች የሚሰጠውንና ለተበደሉት የሚመልሰውን ለይቶ ተናገረ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ልብ በልልኝ። ለነዳያን የሰጠኸው ምጽዋት ነው፤ እግዚአብሔር ይቀበልልህ። ሸሪክህ ግን ከእርሱ አንድም ሳንቲም አልደረሰውም። በእርሱ ገንዘብ የምትመጸውት ከሆነ መጽዋቹ እርሱ ነው፤ ያውም ሳያውቅ። መጽሐፈ ሲራክ ከድሃ ገንዘብ ወስዶ መሥዋዕት የሚያቀርበውን ሰው ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ጋር ያስተካክለዋል። የአንተ እንዲህ ነው አልልህም። ነገር ግን የሸሪክህን ድርሻ ለሌላ መስጠት የአንተ ሥልጣን እንዳልሆነ እወቅ።

«ጸጋው በእምነት አድኖአችኋል» ብሎ የጻፈውን ቅዱስ ጳውሎስንም ጠይቀው። አናሲሞስ የሚባል ባሪያ ከአሳዳሪው ከፊልሞና ቤት ወጥቶ በጳውሎስ እስራት ጊዜ አመነ፤ ሐዋርያውም «ልጄ» አለው። ሆኖም ወደ ፊልሞና ሲልከው «አሁን ክርስቲያን ሆኗልና ያለፈው ቀርቷል» ብሎ አልጻፈም። በድሎህ ወይም ብድር ያለበት እንደ ሆነ «ይህን በእኔ ላይ ቍጠር» አለ፤ «እኔ እመልሰዋለሁ» ብሎም በገዛ እጁ ጻፈ (ፊልሞ. 18-19)። ስለ ጸጋ ከእርሱ የበለጠ ማን ሰበከ? ደሙ አልበቃም ብሎ ነው እንዴ ይህን የጻፈው?

አሁን ወደምታደርገው ልምጣ። በመጀመሪያ ለንስሐ አባትህ የነገርከው ምን ነበር? «በገንዘብ በድያለሁ» ብለህ ብቻ ከሆነ፣ ሄደህ ማንን፣ በምን ያህል፣ እንዴት እንደበደልክ ዘርዝረህ ንገራቸው። ቀኖናው የተሰጠህ በሰሙት ልክ ነው። ከዚያ ሒሳቡን በትክክል አውጣና ጭማሪ አድርግበት፤ የዚያን ጊዜ ገንዘብ ዛሬ ያኑ ያህል እንደማይገዛ አንተ ነጋዴው ታውቃለህ።

ለሸሪክህ ስትሰጠው ስጦታ አስመስለህ አትስጠው። የገዛ ገንዘቡን ተቀብሎ ያመሰግንህና በአንዱ በደል ላይ ሌላ ትጨምራለህ። «ስንለያይ ከትርፉ ይህን ያህል ደብቄብህ ነበር፤ ይኸው ገንዘብህ፤ ይቅር በለኝ» በለው። «ተቸግሬ ነበር» የሚለውን ተወው። ቢቆጣ ታገሠው፤ መቆጣት መብቱ ነው፤ ይቅርታውንም እንደ ደረሰኝ ወዲያው አትጠብቅ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላልህ ያለህን ይዘህ ሂድና ለቀረው ቀን ቁረጥለት። ራሱ «ትቼልሃለሁ» ካለህ ያኔ በእርግጥ የአንተ ነው። ጠብ ይነሣል ብለህ በእውነት የምትሰጋ ከሆነ የንስሐ አባትህ መካከል ይግቡ። ሳትደርስበት ቢሞት ደግሞ ገንዘቡ የወራሾቹ ነው።

ስለ ቁርባን ከሩቅ ሆኜ ቅረብ ወይም ቆይ አልልህም፤ ያ የንስሐ አባትህ ድርሻ ነው። «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ያለውን የጌታን ቃል ግን (ማቴ. 5፥23-24) ዛሬ ማታ አንብበው፤ ነገም ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ።