«እየሠራ ነው፤ ለምን እንነካዋለን?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። ፒያሳ አካባቢ ከአባቴ ጋር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለን፤ መጋዘናችን አዘዞ ነው። ሽያጩን፣ ስቶኩንና የደንበኞችን ዱቤ የምንይዝበትን ፕሮግራም በ1999 አንድ ተማሪ ነው የሠራልን። በቪዥዋል ቤዚክ 6 (ፕሮግራም መሥሪያ ነው) እና በአክሰስ (ዳታው የሚቀመጥበት) የተሠራ ነው ይላሉ። ልጁ አሁን ውጭ አገር ነው፤ ስልኩም አይሠራም። ፕሮግራሙ ያለው ዊንዶውስ 7 በተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ አንዳንዴ ፋይሉ አልከፈት ይለኛል፤ እንደምንም ሪፔር አድርጌ እመልሰዋለሁ። አሁን አንድ ድርጅት መጥቶ ሁሉን በኢንተርኔት የሚሠራ ሲስተም ላስገባላችሁ አለን። አባቴ «እየሠራ ነው፤ ለምን እንነካዋለን?» ይላል። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት አልነሳ ቢልስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጊዜው ደርሷል ወይስ ቸኩያለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ አልቸኮልሽም። አባትሽም አልተሳሳቱም። በደህና የሚሠራ ፕሮግራም ጥሎ፣ ገንዘቡን ከስክሶ፣ ከስድስት ወር በኋላ ወደ ደብተር የተመለሰ ሱቅ አይቻለሁ። ስለዚህ በዕድሜው አትፍረጂበት። ቪዥዋል ቤዚክ 6 የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማይክሮሶፍት ለመሥሪያው የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ.። ያም ሆኖ በሱ የተሠራ ፕሮግራም ዛሬ ዊንዶውስ 11 ላይም ይነሳል። «አርጅቷል፣ በቅርቡ ይቆማል» ብሎ የሚያስፈራራሽ ሰው ሊሸጥልሽ ፈልጎ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ነገ አንድ ነገር መቀየር ቢያስፈልግ ማን ይቀይረዋል? ቫት ከ1995 ጀምሮ 15 በመቶ ስለሆነ እስካሁን አልተቸገራችሁም። አዋጁ ራሱ ግን በ2016 በአዲስ አዋጅ፣ በቁጥር 1341፣ ተተክቷል። ምጣኔው አንድ ቀን ቢነካ የናንተን ፕሮግራም ከፍቶ የሚያስተካክል ሰው የላችሁም። እስቲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስሙ በቪቢፒ (.vbp) የሚያልቅ ፋይል ፈልጊ። ከተገኘ ዋናው ኮድ እጃችሁ ላይ ሊሆን ይችላል፤ አንብቦ የሚረዳው ልጅ ጎንደር ውስጥ አይጠፋም። ካልተገኘ ግን ያላችሁ የታሸገ ሣጥን ነው።

ደግሞስ ከኪቦርዱ አጠገብ ደብተር አለ? አልጻፍሽልኝም፣ ግን እንዳለ እገምታለሁ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲመጣ ፕሮግራማችሁ የሚያውቀው ምናልባት ካሽና ዱቤ ብቻ ነበር። በቴሌብርና በባንክ የገባው የት ይጻፋል? ደብተር ላይ። የሲሚንቶ ዋጋ ሲቀያየር የትኛው ኩንታል በስንት እንደገባ የት ይያዛል? እሱም ደብተር ላይ። ማታ ሒሳብ ስትዘጉ መጀመሪያ የሚገለጠው ደብተሩ ከሆነ፣ ከስክሪኑ ይልቅ እሱን የምታምኑ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ሥራውን ለቋል ማለት ነው። ለኔ ከዕድሜውም ከመብራቱም የበለጠ ምልክት ይሄ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን በዚህ ቅዳሜ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ባክአፕሽን፣ የመጠባበቂያ ቅጂሽን ማለቴ ነው፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺው። መኖሩን አይተሽ እንዳትተዪው፣ ክፈቺው። ከዓመታት በፊት አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ዘንድ እሠራ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛዋ ዓርብ ዓርብ ማታ ፍላሽ ትሰካለች፣ ዴስክቶፑ ላይ ያለችውን ምልክት ጎትታ ትገለብጣለች፣ ፍላሹን በፖስታ አሽጋ ካዝና ውስጥ ትቆልፍበታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ዓርብ አላለፋትም። ሃርድ ዲስኩ የተቃጠለ ቀን ፍላሹን ሰካነው። ውስጡ ያለው ሾርትከት ብቻ ነበር፤ ፋይሉ ያለበትን ቦታ የምትጠቁም ምልክት እንጂ ዳታው ራሱ አይደለም፤ ሁለት ኪሎ ባይት። የልጅቷ ለቅሶ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ጥፋቱ የሷ አልነበረም፤ «ከፍተሽ ሞክሪው» ያላት ሰው አልነበረም። ዱቤውን ከየደንበኛው ደረሰኝ እየለቀምን መልሰን ለማስገባት አራት ወር ፈጀብን።

ያንቺ ከተከፈተ ጊዜ አለሽ፤ ተረጋግተሽ ትመርጫለሽ። ካልተከፈተ ዛሬውኑ የዳታውን ፋይል ራሱን ገልብጪው። በሁለቱም መንገድ ኮምፒውተሩን ዩፒኤስ ላይ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ ነው) ሰኪው፤ የአክሰስ ፋይል እየተጻፈበት መብራት ሲሄድበት ነው የሚበላሸው። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 2012 ላይ አብቅቷል፣ ስለዚህ ከኢንተርኔት ንቀዪው፤ የደንበኛ ፍላሽም አይሰካበት። አዲስ ኮምፒውተር ከገዛሽ ዊንዶውስ 11 ይሁን። የ10ሩም ድጋፍ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል።

በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራውን ግን ጎንደር ላይ አልመክርሽም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶብን እንደነበር አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰውዬውን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ ኔት በሌለ ቀን ከደባርቅ የመጣ ደንበኛ 40 ቆርቆሮ ቢለኝ ሸጬ ከስቶክ መቀነስ እችላለሁ? «ትችያለሽ» ካለሽ እዚያው ፊትሽ ገመዱን ነቅሎ ያሳይሽ። ክፍያውም በዶላር እንዳይታሰብ። ሐምሌ 2016 የብር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ውሉ በብር ይሁን፤ ብትለያዩ ዳታሽን በኤክሴል እንደሚያስረክብሽም ይጻፍበት።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። በ1999 የተሠራ ፕሮግራም የአማርኛ ስሞችን የያዘው በፓወር ግዕዝ ፎንት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ስሙ በአማርኛ የሚነበበው ፎንቱ ስላለ ብቻ ነው፤ ወደ አዲሱ ሲገለበጥ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል። ወደ ዩኒኮድ፣ ዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ወደሚያነበው የፊደል አጻጻፍ፣ መቀየሪያ አለ፣ ግን ከመፈረምሽ በፊት የ50 ደንበኛ ስም ብቻ አስገልብጠሽ እዪው። ያኔ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ» ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው መሆናቸውን ታያለሽ። ምናልባት ሦስቱም አንድ የቆላድባ ባለሱቅ ናቸው፤ ዱቤው ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን በእርግጠኝነት የሚነግርሽ ሶፍትዌር የለም። አባትሽ ግን ይለዩታል፣ ስለዚህ ሚያዝያና ግንቦት ማታ ማታ አብረሽ ተቀምጠሽ ስሙን አንድ በአንድ አጥሪ።

የሒሳብ ዓመታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ አዲሱን ያን ቀን ጀምሩ። ክረምት ላይ ግንባታ ቀዝቀዝ ስለሚል ሐምሌንና ነሐሴን ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪዷቸው። መስከረም ላይ መጋዘን ገብታችሁ ስትቆጥሩ የአዲሱ ስቶክ ከቆጠራው ጋር ከገጠመ አሮጌውን ዝጉት። ኮምፒውተሩን ግን እንዳትሸጪው፤ የድሮ ዓመት ሒሳብ የሚጠይቅ ኦዲተር ሊመጣ ይችላል።