ሥራ ለቅቆ ነርሲንግ ለመማር፦ ከመልቀቂያው ደብዳቤ በፊት የሚታይ ወረቀት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 39 ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ የግል ቡና ላኪ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት 13 ዓመት አገልግያለሁ፤ ደመወዜ 9,000 ብር ነው። እናቴን ሆስፒታል ሳስታምም የነርሶችን ሥራ በቅርብ አይቼ ቀሪ ዘመኔን በዚህ ሙያ ለማሳለፍ ቆርጫለሁ። በሒሳብ አያያዝ የ10+3 ዲፕሎማ አለኝ። አንድ የግል ኮሌጅ በነርሲንግ የዲግሪ ትምህርት ቅዳሜና እሁድ እንደሚያስተምረኝ ነግሮኝ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ እስከ ወሩ መጨረሻ እንድከፍል ጠይቆኛል። ሥራዬን በፈቃዴ ብለቅ የስንብት ክፍያ አገኛለሁ ወይ? ስንት ቀን አስቀድሜስ ማስታወቅ አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ነገር በሕግ አጭር መልስ ስላለው አስቀድሜ እሱን ልጨርሰው። ግንኙነትዎ የሚመራው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል፤ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ ደግሞ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት፣ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ ወዲያ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሲሶ ስለሚታሰብ የእርስዎ 13 ዓመት 150 ቀን ይሆናል፤ በደመወዝዎ ሲሰላ ግብር ሳይቀነስ 45,000 ብር ገደማ ነው። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብልዎታል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም ያለበት ሲሆን፣ አሠሪው ቢያስቸግር ክሱን በስድስት ወር ውስጥ ካላቀረቡ መብትዎ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። ድርጅቱ በራሱ ወጪ አሠልጥኖዎት «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» ብለው የፈረሙት ወረቀት ካለ ግን ስሌቱ ሁሉ ይለወጣልና፣ ከሌላው ነገር በፊት እሱን ፈልገው ለጠበቃ ያሳዩ።

አሁን ስላልነገሩኝ ነገር ልናገር፤ ከጠየቁኝ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። ትምህርቱ ቅዳሜና እሁድ ከሆነ ሥራዎን የሚለቁት ለምንድን ነው? በደብዳቤዎ ውስጥ ምክንያቱን አላገኘሁትም። ደጋግሜ ሳነበው የገባኝ፣ የሚለቁት ጊዜ አጥሮዎት ሳይሆን የስንብት ክፍያውን አውጥተው ለኮሌጁ ለመክፈል መሆኑ ነው። ግምቴ ትክክል ከሆነ፣ የ13 ዓመት ድካምዎን ገንዘብ አንድ ጊዜ ብቻ አይተውት ወደማያውቁት እጅ ሊያሻግሩት ነው ማለት ነው። ልቆጣዎት ፈልጌ አይደለም፤ ግን ስለ ደመወዝዎ፣ ስለ አገልግሎትዎና ስለ እናትዎ ሕመም በዝርዝር ጽፈው ኮሌጁ ስላሳየዎት የዕውቅና ወረቀት አንድ ቃል አለመጻፍዎ አስደንግጦኛል። ወረቀቱን አላዩትም ብዬ እገምታለሁ።

ያልጻፉት ሌላም ነገር አለ፤ የ12ኛ ክፍል ውጤትዎን። ከዕድሜዎ ስነሣ 10ኛ ክፍልን የጨረሱት በ1990ዎቹ አጋማሽ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቱ ለመሰናዶ ያላበቃው ተማሪ ወደ 10+1፣ 10+2 ወይም 10+3 ያመራ ነበር፤ የእርስዎም ዲፕሎማ በዚያው መንገድ የተገኘ ነው። መንገዱ የሚያሳፍር አይደለም፤ ብዙ ጎበዝ ባለሙያ ያለፈበት ነው። ሆኖም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዲግሪ የሚገባ ሰው የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲ የምንለውን፣ ማለፉን ይጠየቃል፤ ዲፕሎማው ሊማር ካሰበው መስክ ጋር መዛመዱም ይመረመራል። የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ለነርሲንግ ዲግሪ መግቢያ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የኮሌጁ ሬጅስትራር ሳይሆን በሥራ ላይ ያለው የመግቢያ መስፈርት ነው። ሬጅስትራሩ «ይቻላል» ካለ የትኛው መመሪያ እንደሚፈቅድ ጠቅሶ በጽሑፍ ይስጥዎት።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሰዎች እየደጋገሙ የሚወድቁበት ጉድጓድ አንድ ነው፤ ኮሌጁ ዕውቅና አለው ሲባል ሁሉ ነገር ዕውቅና ያለው ይመስላቸዋል። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የግል ተቋም ያለ ዕውቅና ማስተማር አይችልም፤ ዕውቅናው ግን ለተቋሙ ስም የሚሰጥ የጅምላ ፈቃድ አይደለም። ለዚህ የትምህርት መስክ፣ በዚህ ደረጃ፣ በዚህ ካምፓስ፣ በዚህ የአሰጣጥ ዘዴ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ ተብሎ የሚሰጥ ነው። በሌላ ከተማ በፋርማሲ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ጅማ ላይ ቤት ተከራይቶ ነርሲንግ ሲያስተምር ግድግዳው ላይ የሰቀለው ወረቀት እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ለእርስዎ ግን አይሠራም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የግል ተቋማትን እንደገና መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ትናንት የነበረ ፈቃድ ዛሬ አለ ብሎ መተማመንም ቀርቷል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎልማሳ ሰው ሰማያዊ ክላሰር ይዘው ቢሮዬ መጡ። ክላሰሩ ውስጥ የሦስት ዓመት ተኩል ደረሰኝ በቀን ቅደም ተከተል ተደርድሯል፤ አንድም አልጎደለም። ከደረሰኞቹ ሥር ኮሌጁ በምዝገባው ቀን የሰጣቸው የዕውቅና ፎቶ ኮፒ ነበር። ኮፒው ደብዝዞ ስለነበር መስኮት ዳር ወስጄ አነበብኩት፤ ካምፓስ በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው እሳቸው የተማሩበት ከተማ አልነበረም፤ የአገልግሎት ዘመኑም ከተመዘገቡበት ቀን በፊት አልቋል። ይህን ያወቁት የመውጫ ፈተና ምዝገባ ደርሶ ስማቸው ከዝርዝሩ ሲጠፋ ነው። ወረቀቱ ያን ሁሉ ጊዜ በእጃቸው ነበር፤ አላነበቡትም እንጂ።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች ሁሉ የሚወስዱት ሲሆን ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በነርሲንግ ደግሞ ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ዲግሪ የያዘ ሰው በጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የሙያ ፈቃድ ምዘና ማለፍና የሙያ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል፤ ያለዚያ ሕመምተኛ ዘንድ መቅረብ አይችልም። በእነዚህ በሮች ሁሉ የመግቢያ ማስረጃና የተቋሙ ዕውቅና እንደገና ሊመረመር ይችላል። መጀመሪያ ላይ «በኋላ ይስተካከላል» ተብሎ የታለፈ ጉድለት የሚወጣው ገንዘቡም ዓመቱም ካለቀ በኋላ ነው።

ቅዳሜና እሁድ የሚለውም ያሳስበኛል። ነርሲንግ ከመጽሐፍ ብቻ የሚማሩት ሙያ አይደለም፤ ተማሪው ዋርድ ውስጥ ቆሞ መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ፣ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ማደር አለበት። ጅማ ላሉ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ የዩኒቨርሲቲው የጤና ተማሪዎች በሆስፒታሉም በገጠር ቀበሌውም ሲመላለሱ እያየን ነው የኖርነው። ስለዚህ ኮሌጁ የተግባር ልምምዱን በየትኛው ሆስፒታል፣ በየትኞቹ ቀናት እንደሚሰጥ ይጠይቁ፤ ከሆስፒታሉ ጋር የተፈራረመውን ሰነድ እንዲያሳይዎትም ይጠይቁ። መልሱ «እሱን እኛ እናውቃለን» ከሆነ አይክፈሉ።

«ከተታለልኩ እከሳለሁ» ይሉ ይሆናል። መብቱ አለዎት፤ ነገር ግን ልኩን ይወቁት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1704 መሠረት በማታለል የተገኘ ውል እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል፤ ማታለል የሚባለው ግን ባያታልሏት ኖሮ ውሉን አትፈርምም ነበር የሚያሰኝ የተንኮል ድርጊት ነው። በስልክ የተነገረን የማባበያ ቃል በችሎት ማስረዳት ከባድ ነው። ውል እንዲፈርስ የሚጠየቅበት ጊዜም በቁጥር 1810 በሁለት ዓመት የተገደበ ነው። ተሳክቶልዎ ቢፈረድልዎ እንኳ የሚመለሰው ብሩ ነው፤ የለቀቁት ወንበርና ያለፈው ዕድሜ በፍርድ አይመለስም። በጽሑፍ ማረጋገጫ ደጋግሜ የምወተውትዎ ለዚህ ነው። የኮሌጁን የምዝገባ ቅጽም ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡት፤ «የተከፈለ ገንዘብ በማንኛውም ምክንያት ተመላሽ አይሆንም» የሚል አንቀጽ ካለበት ሳይፈርሙ ለጠበቃ ያሳዩት።

ዕድሜዎን በተመለከተ አይሥጉ። ሥራና ሙያን የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 የተረጋገጠ ነው፤ በ39 ዓመት የሕመምተኛን ሥቃይ ቀርቦ ያየ ሰው ለዚህ ሙያ ያለው ትዕግሥት ደግሞ ቀላል ሀብት አይደለም። የምለምንዎ መንገዱን እንዲመረምሩ እንጂ ሐሳብዎን እንዲተዉ አይደለም። የዲግሪው በር በመግቢያ ማስረጃ ምክንያት የተዘጋ ሆኖ ከተገኘ በቴክኒክና ሙያው የደረጃ 4 ነርሲንግ ጀምሮ፣ ሲኦሲ አልፎ፣ እየሠሩ ወደ ዲግሪ ማደግ ሊታሰብ ይችላል። ደረጃ 4 የሚያሠለጥነውን ተቋም ፈቃድ የሚያረጋግጡት ከክልሉ የቴክኒክና ሙያ ተቆጣጣሪ አካል ነው፤ የመግቢያ መስፈርቱንም ከዚያው በጽሑፍ ይውሰዱ። ረዘም ያለ መንገድ ነው፤ ቢሆንም ከሦስት ዓመት በኋላ ከዝርዝር ከመሰረዝ ይሻላል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የመልቀቂያ ደብዳቤ አያስገቡ። ማስጠንቀቂያ ከሰጡ በኋላ ሐሳብዎን ቢለውጡ ወንበርዎ ላይ መቆየትዎ በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መጀመሪያ የኮሌጁን ስም፣ ካምፓሱን፣ የትምህርት መስኩን፣ ደረጃውንና የአሰጣጥ ዘዴውን ጠቅሰው ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማመልከቻ ያስገቡ፤ የገቢ ቁጥሩን ያስመዝግቡ፤ የመለሱልዎትን ደብዳቤ ይያዙ። የ10ኛ ክፍል ሰርተፊኬትዎን፣ የዲፕሎማዎንና የሲኦሲ ማስረጃዎን ዋናውን ከኮፒው ጋር ያዘጋጁ፤ ሲኦሲ ካልወሰዱ ይህንኑ ለኮሌጁ በግልጽ ይንገሩና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ከድርጅትዎ የሥራ ደንቡን ወይም የኅብረት ስምምነቱን ኮፒ ይጠይቁ፤ አዋጁ ለሚማር ሠራተኛ የሚሰጥ ፈቃድ በእነዚህ ሰነዶች ሊወሰን እንደሚችል ስለሚል፣ ሳይለቁ የሚማሩበት መንገድ እዚያው ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። የጡረታ መዋጮዎ የ13ቱም ዓመት ገቢ መሆኑንም ያጣሩ።

ይህ መልስ የጻፉልኝን ብቻ ይዤ የሰጠሁት ስለሆነ፣ ሰነዶቹን ላየ ጠበቃ ምክር ምትክ አይሆንም። ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎት በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበት አገልግሎት አለ። ሲሄዱ ያልፈረሙትን የምዝገባ ቅጽና የዕውቅናውን ኮፒ ይዘው ይሂዱ፤ ኮሌጁ ኮፒውን አልሰጥም ካለ ደግሞ ያንኑ ይንገሯቸው። የወሩ መጨረሻ ኮሌጁ ያስቀመጠው ቀን እንጂ ሕግ የቆረጠው አይደለምና፣ የባለሥልጣኑ ደብዳቤ እስኪደርስዎ ድረስ ቢያልፍም ይለፍ።