መልስ፦ የኦፐንሃይመር (የአሜሪካን አቶሚክ ቦምብ የሠራውን የሎስ አላሞስ ላብራቶሪ የመራው የፊዚክስ ሊቅ) የሎስ አላሞስ ሰነዶች የት ሄዱ ላልከው

ኮንግረስ ላይብረሪ ያለው ስብስብ ውስጥ የ1943–45 (በፈረንጆቹ) ሪፖርቶችን ያጣሃቸው ፍለጋህ ተሳስቶ አይደለም፣ ዋናው ክምችት እዛ ስላልሆነ ነው። እዛ ያለው የግል ወረቀቱ ነው፣ ደብዳቤ ምናምን፣ አብዛኛውም ከ1947 በኋላ ፕሪንስተን እያለ የተጻፈ። የጦርነቱ ጊዜ ወረቀት የመንግሥት ሰነድ ስለሆነ ናሽናል አርካይቭስ (የአሜሪካ መንግሥት ቤተ መዛግብት) ሄደህ ሪከርድ ግሩፕ 77 በሚባለው የሰነድ ምድብ ውስጥ የማንሃተን ፕሮጀክት፣ ማለትም የቦምቡን ፕሮጀክት፣ ፋይሎች ጠይቅ። ምስጢር የማየት ፈቃዱ የተመረመረበት የ1954ቱ ችሎት ቃለ ጉባኤ ግን በ2014 ሙሉው ስለተለቀቀ ኦንላይን ታገኘዋለህ፣ ለሱ አትልፋ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ፎልደር ውስጥ በሰነዱ ፋንታ ምስጢር ስለሆነ ወጥቷል የሚል ቅጽ ካጋጠመህ እንዳታልፈው። እኔ ባዶ ነው ብዬ አልፌው በኋላ ያንኑ ቦክስ ስፈልግ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ቅጹ ላይ የሰነዱ ቀንና ዓይነት ስላለ ምስጢርነቱ ይነሳልኝ ብለህ የምታመለክተው በሱ ነው፣ ከቦክስ ቁጥሩ ጋር ፎቶ አንሳው።