መልስ፦ ጥፋቱ የአላባማ መስመር ነው ወይስ የሚልሮ?

ወንድሜ፣ ስለ አላባማ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን «ሚልሮ ኳሱን ቶሎ ቢለቅ ኖሮ መስመሩን (ከፊቱ ቆመው ተጋጣሚን የሚያግዱለትን አምስት ተጫዋቾች) ማን ይወቅስ ነበር?» ላልከው፣ ግማሹ እውነት ነው። ኳስ ወርዋሪው (ኳርተርባኩ) ጄለን ሚልሮ በ2023 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን ረጅም ኳስ ለመወርወር ሲል አብዝቶ ይጠብቅ ነበር። የትኛውም መስመር ደግሞ አምስት ሰከንድ ሙሉ አግዶ አይቆይም።

ግን ጥር 1 ቀን 2024 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተደረገውን ሮዝ ቦል የተባለውን ትልቅ ጨዋታ እንደገና እየው። ሚልሮ ኳሱን እንደያዘ 6 ጊዜ ተጣለ። እንዲህ ባለ ጨዋታ ጉልበት ብቻውን አያድንም። ሁለት የተጋጣሚ ተከላካዮች መንገድ ሲያቋርጡ፣ አንዱ ወደ ውስጥ ሰብሮ ሲገባ ሌላው ከጀርባው ዞሮ ይመጣል፤ ጋርዱና ታክሉ (በመስመሩ ጎን ለጎን የሚቆሙት፣ ታክሉ በዳር) በዓይን ጥቅሻ ሰው መቀያየር አለባቸው። ሁለቱም አንዱን ከተከተሉ ሌላው ያለ ከልካይ ኳርተርባኩ ላይ ይደርሳል። ይህ አብሮ በመጫወት ብዛት የሚመጣ መግባባት ነው። በግራ በኩል የተሰለፈው ካዲን ፕሮክተር ደግሞ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር!

ችሎታ ጠፍቶ እንዳይመስልህ። የቀኝ ታክሉ ጄሲ ላተም በዚያው ዓመት ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ) አዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጥበት ድልድል 7ኛ ሆኖ ቴነሲ ታይታንስ የተባለው ቡድን ገባ።

እኔን ይበልጥ ያንገበገበኝ ሴንተሩ (በመስመሩ መሃል ሆኖ ኳሱን ወደ ኋላ ለኳርተርባኩ የሚሰጠው) ኳስ የሰጠበት መንገድ ነው። በተጨማሪው ሰዓት፣ ከጎሉ 3 ያርድ ርቀት ላይ፣ የመጨረሻዋ ኳስ ዝቅ ብላ መጣች፤ ጨዋታው በሚሺጋን 27 ለ 20 አሸናፊነት አለቀ። ሴንተሩ ሴዝ ማክላውክሊን በዚህ የደረሰበት ስድብ ግን ከልክ ያለፈ ነበር። ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ በ2024 የምርጥ ሴንተር ሽልማት የሆነውን ሪሚንግተን ዋንጫ ወሰደ።