እጅ ከፍሬም ሲወጣ ንግግር ይቋረጣል፦ ለወጣት ፊልም ሠሪዎች

ውድ ወጣቶች፣

ወላጆቿ መስማት ስለተሳናቸው፣ እሷ ግን ስለምትሰማ ልጅ ድራማ ለመሥራት የሚነሳ ሰው ሐሳቡ በአብዛኛው የሚያርፈው ልጅቷ በተሸከመችው ጭንቀት ላይ ነው። ጭንቀት መጻፍ አይከብድም። የሚከብደው ካሜራው ነው። ወላጆቿ የሚያወሩት በእጅ ምልክት ስለሆነ በእንዲህ ያለ ፊልም ንግግርን የሚቀዳው ማይክ ሳይሆን ሌንስ ነውና፣ እጁ ከፍሬም፣ ማለትም ካሜራው ከሚያሳየው ክልል የወጣ ተዋናይ እንዳልተናገረ ይቆጠራል።

ስለዚህ ክሎዝ አፕ (ፊትን ብቻ በቅርብ የሚያሳይ ሾት) ቆጥቡ። ከወገብ በላይ የሚያሳይ፣ ከራስ በላይም እጅ የሚነሳበት ክፍተት ያለው ሚዲየም ሾት ይበልጥ ያገለግላችኋል። እጅ ያለ ፊትም አይበቃም። በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» የሆነ ጥያቄ ቅንድብ በማንሳት፣ «ማን፣ የት፣ ለምን» የሚለው ደግሞ ቅንድብ በመቋጠር ይታወቃል። ግንባር ላይ የወረደ ኮፍያ ወይም ፀጉር እንግዲህ ሰዋስው አጠፋ ማለት ነው። ልብሱ አንድ ወጥ ቀለም ያለውና ከተዋናዩ ቆዳ የሚለይ ይሁን፤ ዥጉርጉር ሸሚዝ ላይ ጣት አይታይም። ከትከሻ በስተኋላ ስትቀርጹ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው ትከሻ የማዶውን ሰው እጅ ይጋርዳል። ብዙ ጊዜ ካሜራውን ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ማንሳት ይበቃል።

ኤዲቲንግ ላይ የለመዳችሁት ዘዴ እዚህ ይከዳችኋል። ሰው በድምፅ ሲናገር ምስሉን ወደ አድማጩ ፊት ማዞር ይቻላል፤ ድምፁ ከሥር ይቀጥላል። በምልክት ሲናገር ግን ወደ አድማጩ በዞራችሁበት ቅጽበት ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል። የአድማጩን ስሜት ከፈለጋችሁ ሁለቱን በአንድ ፍሬም አስገቡ፣ አለዚያም ምልክቱ እስኪያልቅ ታገሡ። ይህ ስክሪፕቱ ላይ ካልታሰበበት ኤዲተሩ ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም።

የእንዲህ ዓይነት ታሪክ ትልቁ ሀብት ልጅቷ የምታስተረጉምበት ትዕይንት ነው፤ ሐኪም ዘንድ፣ ባንክ ወይም ስብሰባ ላይ። አባት አንድ ነገር ይላል፣ ልጅ አለዝባ ወይም ቆርጣ ታስተላልፋለች። ሳቁም ሕመሙም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ውስጥ ነው። ለዚህም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ የአባትየው ምልክት ከነትርጉም ጽሑፉ ይታይ፣ ተመልካቹ አንብቦ ይጨርስ፣ ከዚያ የልጅቷ ድምፅ ይምጣ። ጽሑፉና ድምፁ ከተደራረቡ ተመልካቹ አንዱን ይስታል፤ ቀልዱም ይሞታል። ደግሞም የምልክት ቋንቋ የራሱ የቃላት አሰላለፍ ስላለው አስተርጓሚ ሐሳቡ እስኪገባው ጥቂት ወደኋላ ይቀራል። ቃል በቃል እግር በእግር የምትከተል ልጅ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ውሸት ናት። ቤት ውስጥ ከወላጆቿ ጋር ስታወራም በድምፅ እየተናገረች ምልክት እንድታሳይ አታድርጉ፤ ሁለት ሰዋስው አንድ ላይ አይሄድም፣ አንዱ ይፈርሳል።

ተዋናይ ስትመርጡ መስማት የተሳነውን ሰው ሚና መስማት ለተሳናቸው ተዋንያን ስጡ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፈረንሳይ ፊልም «ላ ፋሚይ ቤሊዬ» ወላጆቹን ለሚሰሙ ተዋንያን ሰጥቶ ተወቅሷል። ያው ታሪክ በ2021 «ኮዳ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ሲሠራ ወላጆቹን የተጫወቱት መስማት የተሳናቸው ማርሊ ማትሊንና ትሮይ ኮትሰር ነበሩ፤ ኮትሰር በ2022 በምርጥ ረዳት ተዋናይነት ኦስካር አገኘ፣ ፊልሙም የዓመቱ ምርጥ ተባለ። የሚለየው ችሎታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከልጅነቱ በምልክት ያደገ ሰው ይቆጣል፣ ያሾፋል፣ አፉ ምግብ ሞልቶም ያወራል፤ በጥቂት ወር ልምምድ የመጣ ሰው ምልክቱን በጥንቃቄ ያሳያል።

ድምፅ ላይ ደግሞ የተለመደው ስህተት ቤቱን ጸጥ ማድረግ ነው። የማይሰማ ሰው ሳህን ሲያጋጭ፣ ወንበር ሲጎትት፣ በር ሲዘጋ ድምፁን አይቆጣጠርም፤ ለሚሰማው ልጅ ቤቱ ጫጫታ ነው። ሰው ለመጥራትም ጠረጴዛ ይመታል፣ ወለል ይረገጣል፣ መብራት ይበራል ይጠፋል። የእጅ መጋጨት፣ የልብስ መንሿሿትና ትንፋሽ ከቅርብ በማይክ ይቀዳ። ድምፅን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ የወላጆቹን ዓለም ማሳየት ጠንካራ መሣሪያ ነው፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ግን ጉልበቱን ያጣል። ፉጨት ወይም ጭውታ ከሥሩ አትጨምሩ።

ቀረጻ ቦታ ላይ «አክሽን» ብሎ መጮህ አይጠቅምም። የማስጀመሪያው ምልክት በመብራት ወይም በተወዛወዘ እጅ ይሁን፣ ተዋናዩ በሚያይበት አቅጣጫ። አስተርጓሚዎች ቢያንስ ሁለት ይሁኑና በየ20 እስከ 30 ደቂቃው ይቀያየሩ፤ የደከመ አስተርጓሚ መሳሳቱን ራሱም አያውቀውም። ስታናግሩ ተዋናዩን እዩ፣ አስተርጓሚውን አይደለም። ስክሪፕት እያስነበባችሁም አታውሩ፤ ዓይኑ አንድ ነው፣ ወይ ገጹን ወይ አስተርጓሚውን ያያል። የምልክት ቋንቋውን የሚያርም፣ ራሱም መስማት የተሳነው ባለሙያ ሞኒተሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ አንድ ጣት ተሳስቶ ቃሉ ሲቀየር የሚያየው እሱ ነው።

በመጨረሻ የጽሑፉ ነገር። ምልክቱን ብቻ መተርጎም በቂ አይደለም፤ የሚሰሙት ሰዎች ንግግር፣ የዘፈኑ ግጥም፣ በሩ መንኳኳቱም ይጻፍ። ጽሑፉ ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ በእጆቹም ላይ አይረፍ። እጆቹ ወደ ታች ወርደው የሚሠሩበት ሾት ካለ ጽሑፉን ወደ ላይ አንሱት።