ከራስ እስከ ጅራት የራሴ የሆነ አውሮፕላን

ውድ ልጆቼ፣

በፈረንጆቹ 2020 ዓለም በሩን ሲዘጋ እኔም ቤት ተቀመጥኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩት በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ነው። ያን ሰሞን አውሮፕላኖቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ቆሙ። የሞተሮቻቸው አፍ ተሸፈነ። እኛም ወደየቤታችን ተላክን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዜና ሳይ አሳለፍኳቸው። አብሮኝ ዓመታት የሠራ ባልደረባዬ በዚያው በሽታ ሲሞት ቀብሩ ላይ እንኳ መገኘት አልቻልኩም። እጄን ሥራ ካላስያዝኩት ያን ጊዜ እንደማልወጣው የገባኝ ያኔ ነው።

ዕቃ ማስቀመጫ ክፍሌ ውስጥ ጥቂት የፎም ሰሌዳዎች ነበሩ፤ ውፍረታቸው 5 ሚሊ ሜትር ነው። በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ልሠራባቸው ተነሣሁ።

"ለአንተማ ምን ይከብድሃል?" ያሉኝ ብዙ ናቸው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በትልቁ አውሮፕላን ላይ ሥራው የተከፋፈለ ነው። ንድፉን ያወጣው ሌላ ነው። ክፍሉን ያመረተው ሌላ ነው። የሚያበረውም ሌላ ነው። እኔ የታዘዘውን እሠራለሁ፣ ሌላ ሰው ይፈትሸዋል፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። ይህ ሥርዓት ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ አንድም ቃል አልናገርበትም። ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ከራሱ እስከ ጅራቱ የእኔ የሆነ፣ የሚበር ነገር ሠርቼ አላውቅም ነበር። ይህን ያወቅሁት ባዶ የፎም ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ማስመሪያ ስይዝ ነው።

ክንፉን 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሰጠሁት። ጫፎቹ ከመሃሉ ትንሽ ከፍ እንዲሉ አድርጌ ለጠፍኳቸው፤ እንዲህ ሲሆን አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲያጋድል ራሱን ለማቃናት ይሞክራል። ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ከሪሞቱ ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨርና መሪ ክፍሎቹን የሚያንቀሳቅሱት ትናንሽ ሞተሮች (ሰርቮዎች) ሁሉ ገብተው ሚዛን ላይ ሲወጣ 720 ግራም ሆነ። አስሉት። 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ እያንዳንዱ የክንፍ ቁራጭ 30 ግራም ይሸከማል። ለጀማሪ ጥሩ ነው። ክብደቱ ለክንፉ ቀላል የሆነ አውሮፕላን ሳይወድቅ ቀስ ብሎ መብረር ይችላል። ቀስ ብሎ የሚበር ደግሞ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣችኋል።

አንዳንድ ዕቃ ቶሎ አልደረሰልኝም። በዚያን ጊዜ የማንም ዕቃ ቶሎ አይደርስም ነበር። ስጠብቅ ሲሙሌተር ላይ፣ በረራን አስመስሎ በሚያሳይ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ተለማመድኩ። እዚያ የመራችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ገና ተማሪ ነበረች። "ጋሼ፣ ሲሙሌተር ላይ መቶ ጊዜ ሳይከሰክሱ እውነተኛውን እንዳያነሡት" አለችኝ በስልክ። ምክሯን ሰማኋት፤ በጣም ጠቀመኝ። የዚህ በረራ ትልቁ ፈተና አውሮፕላኑ ወደ እናንተ ሲመጣ ነው። የእሱ ግራ የእናንተ ቀኝ ይሆናል። እጅ የለመደውን ያደርጋል፣ አውሮፕላኑም ይብሱን ያጋድላል። ዘዴው ቀላል ነው። ወደ እናንተ ሲመጣ ዝቅ ያለው ክንፍ በየትኛው በኩል እንደሆነ እዩና ስቲኩን፣ የሪሞቱን መሪ ዘንግ፣ ወደዚያው ግፉት፤ ዝቅ ያለውን በስቲኩ እንደመደገፍ ቁጠሩት። ይህን ማንበብ ደቂቃ አይፈጅም። እጅ እስኪያምነው ግን ሳምንታት ይወስዳል።

ገደቡ ላላ ሲል ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጌ ወጣሁ። የመጀመሪያው በረራ አምስት ሰከንድ አልሞላም። ከእጄ እንደወጣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀጥ አደረገ። ፍጥነቱን ጨረሰ። ክንፉ አየሩን መያዝ አቃተውና በአንድ ጎኑ ተገልብጦ ወረደ።

አሁን ይህን በደንብ አንብቡልኝ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚህ ነው። መጀመሪያ የወቀስኩት ነፋሱን ነው። ቅጠል የማያንቀሳቅስ ነፋስ! ቀጥሎ ሪሲቨሩ ሲግናል አጥቷል አልኩ። ከዚያ ሞተሩን የሸጠልኝን ሰው አነሣሁ። ሜዳው መሃል ብቻዬን ቆሜ ጥፋቱን የምሰጠው ሰው ስፈልግ ነበር። ሰው ግን አልነበረም። ንድፉ የእኔ፣ ሙጫው የእኔ፣ ፍተሻው የእኔ፣ ስቲኩን የያዘው ጣትም የእኔ።

ማታ የተሰበረውን ጠረጴዛ ላይ ገጣጠምኩት። ባትሪውን በነበረበት ቦታ አስቀመጥኩና ክንፉን ከሥር በሁለት ጣቴ ደግፌ አነሣሁት። ጅራቱ ዘጭ አለ። እንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ሚዛኑን መያዝ ያለበት ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነሥቶ ከስፋቱ 25 እስከ 30 በመቶ ባለው ቦታ ላይ ነው። በእኔ ክንፍ ላይ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ቀደም ብዬ ስለካው 6 ላይ ነበር። በረራው ዕለት ግን ገመዱ አልደርስ ስላለኝ 160 ግራም የሚመዝነውን ባትሪ 9 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ገፍቼው ነበር። በዚያ ብቻ የክብደቱ ማዕከል 2 ሴንቲ ሜትር ሸሸ። ድጋሚ አልለካሁም። በሥራዬ ላይ አንድ ነገር ከቦታው ከተነሣ እንደገና ይለካል ብዬ ስንት ወጣት አስተምሬያለሁ።

በዚህ ነገር የቆዩ ሰዎች፣ አፍንጫው የከበደ አውሮፕላን በረራው አያምርም፣ ጅራቱ የከበደ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚበረው ይላሉ። እውነት ነው።

ልጆቼ፣ ሥራ ስትይዙ የምትይዙት የአንድ ትልቅ ነገር ቁራጭ ነው። ፕሮግራም የምትጽፉም፣ ሒሳብ የምትሠሩም፣ ሕንፃ የምታንጹም እንደዚያው ናችሁ። ነገር ሲበላሽ ሁልጊዜ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ሰው አለ። ስለዚህ ከዋናው ሥራችሁ ውጭ አንድ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሳችሁ ሥሩ ብዬ እለምናችኋለሁ። ትንሽ ይሁን፤ ግን ሲወድቅ ወዲያው የሚያሳያችሁ ነገር ይሁን። እኔ ይህን ያገኘሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። እናንተ ያን ያህል አትቆዩ።

በእነዚያ ረጅም ምሽቶች ስለ ሞዴል አውሮፕላን ታሪክ ብዙ አነበብኩ። በፈረንጆቹ 1871 አልፎንስ ፔኖ የተባለ ፈረንሳዊ በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚሠራ ትንሽ ሞዴል ፓሪስ ውስጥ አበረረ። በረራው ወደ 11 ሰከንድ ቆየ። በ1878 ደግሞ የራይት ወንድማማቾች አባት በፔኖ ሥራ መሠረት የተሠራ በላስቲክ የሚነሣ መጫወቻ ለልጆቹ ይዞ መጣ። ልጆቹ 25 ዓመት ቆይተው ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን የአሜሪካዊው መሐንዲስ የሜይናርድ ሂል ታሪክ ነው። ይህ ሰው ሞዴል አውሮፕላን አትላንቲክን ያሻግራል ብሎ ተነሣ። ዕድሜው ከሰባ አልፏል። ዓይኑ በጣም ደክሞ ነበር። እሱና ጓደኞቹ መጀመሪያ የላኳቸው ባሕር ላይ ቀሩ። ባሕር የበላውን ስባሪ እንኳ አይመልስም፤ ምክንያቱን መፈለግ ከባድ ነው። ፈለጉት ግን። በነሐሴ 2003 ከ5 ኪሎ ግራም በታች የምትመዝን አውሮፕላን ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ተነሥታ አየርላንድ አረፈች። 38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በረረች፤ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለመሞከር ለተነሣችሁ አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከመነሣት በፊት የሚደረጉ ነገሮች ናቸው። ስቲኩን ወደ ቀኝ ስትገፉ የቀኙ ኤይለሮን፣ ማለትም በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ወደ ላይ መነሣት አለበት። ተገልብጦ የተገጠመ ሰርቮ ብዙ አዲስ አውሮፕላን ገድሏል። ትራንስሚተሩ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ሪሞት፣ ቢጠፋ ሞተሩ ራሱን እንደሚያቆም መሬት ላይ ሳላችሁ ሞክሩት። ጠረጴዛ ላይ ስትሠሩ ፕሮፔለሩን ፍቱት። ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ጣት ይቆርጣል።

ባትሪው ላይ ቆም እላለሁ። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ከ3.3 በታች አታውርዱት። ለቀናት የማትጠቀሙበት ከሆነ 3.8 ገደማ ላይ አስቀምጡት። ለእሱ በተሠራ ቻርጀር ብቻ ሙሉት፣ እየተሞላም ጥላችሁት አትሂዱ። ያበጠ ባትሪ አያሳዝናችሁ፤ ከጥቅም ውጭ ነው። ሲቃጠል በቀላሉ አይጠፋም፣ ቤት ያቃጥላል። እዚህ ላይ ደፋር መሆን የለም።

ሌላው ከሙያዬ የሚመጣ ልመና ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ራቁ። ከሰው በላይ አታብሩ። ከዓይናችሁ አታርቁት። በብዙ አገሮች የተፈቀደው ከፍታ 120 ሜትር ገደማ ነው፤ የምትኖሩበትን አገር ሕግ ጠይቃችሁ እወቁ። ላይ ያለው ትልቁ አውሮፕላን ውስጥ ያሉት ሰዎች እናንተን አያዩም።

ሁለተኛው በረራዬ አራት ደቂቃ ቆየ። ባትሪውን ወደ ፊት መልሼ፣ ገመዱን አስረዝሜ፣ ሦስት ጊዜ ለክቼ ነው የተነሣሁት። ሳሳርፈው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስንት መቶ ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ፈርሜ ስለቅ እንደዚያ ተንቀጥቅጬ አላውቅም።

ያ አውሮፕላን አሁንም አለ። ክንፉ ላይ የመጀመሪያው ቀን ስብራት በሙጫ ተጠግኖ ይታያል። ቀለም ቀብቼ ልሸፍነው አልፈለግኩም።

ትንበያው ነገ ጠዋት ነፋሱ ቀላል ነው ይላል። የእህቴ ልጅም ራሷ የሠራችውን ይዛ ትመጣለች። ከመነሣታችን በፊት እሷ የእኔን ትለካለች፣ እኔ የእሷን። አሁን ባትሪዎቹን ልሞላ ነው፤ እስኪሞሉ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ።